ከቦኖው ፊት የቆመው ጄሪካን

ጠጋ ጠጋ በሉ። ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፤ በሩን ግን አትዝጉት።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። ከወረዳው ከተማ ወደኛ መንደር የሚያመጣውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ቁልቁል ይወርዳል፣ ባሕር ዛፉን ያልፋል፣ ከዚያ የውሃ ቦኖው ጋ ይደርሳል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል። ማን ነው? አቶ ልየው ነው፣ የያኔው የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። የቀበሌው ሊቀመንበር ራት ጠርቶታል። መኪናው ጭቃ ይዟት ቀርታለች፤ ሾፌሩን እዚያው ትቶ በእግሩ ቀጥሏል። ፈርቷል? አልፈራም። እስከዚያች ሌሊት ማንንም ፈርቶ አያውቅም።

እሱ ይምጣ፤ እኔ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። ቦኖው የተመረቀ ዕለት ነበራችሁ? ያልነበራችሁ ስሙ። ለጉድጓዱ ገንዘብ ከመንግሥት ወጥቶ ነበር፤ እኛም በየቤታችን አዋጥተናል። ጉድጓድ ግን አልተቆፈረም። ሌሊት ቦቴ ውሃ ጭኖ መጥቶ የቦኖውን ማጠራቀሚያ ሮቶ ሞላው። ጠዋት እንግዶች መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ውሃ ፈሰሰ፣ እልል አልን። እኔም እልል ብያለሁ። ባሌ አንዳርጌ ብቻ በእፍኙ ቀምሶ፣ "ይሄ ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ይላል" አለ። አቶ ልየው ሳቀና፣ አንዳርጌ ጠላ ለምዶ የውሃ ጣዕም ጠፍቶበታል አለ። እንግዶቹም ሳቁ። ማታ ሮቶው ደረቀ።

አንዳርጌ አቶ ልየው ቢሮ እየተመላለሰ ጠየቀ። በሄደ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ "ወረፋህን ጠብቅ።" እኔ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ገደሉን ወርጄ ከምንጩ መቅዳት አልችልም። ስለዚህ እሱ ጄሪካኑን በገመድ አዝሎ ይወርድ ነበር። ሴቶቹ "አንዳርጌ፣ ቀሚስ እናውስህ?" ይሉታል። እሱም "በቁመቴ ልክ ካላችሁ አምጡ" ይላቸዋል። አንድ ቀን ዝናብ ያራሰው አፈር ከእግሩ ሥር ተናደ። ሲያወጡት ጄሪካኑ ከጀርባው አልተፈታም ነበር።

አቶ ልየው በዚያ ጨለማ የመጣው እንግዲህ አንዳርጌን ከቀበርነው በኋላ ነው።

ባሕር ዛፉን አለፈ። አንድ ድምፅ ሰማ፤ የፕላስቲክ ነገር መሬት ለመሬት ሲጎተት። ቆመ፤ ድምፁም ቆመ። ሄደ፤ ድምፁም ሄደ። ቦኖው ጋ ሲደርስ በባትሪው ብርሃን አንድ ቢጫ ጄሪካን አየ፣ ገመድ የታሰረበት። አጠገቡ ማንም የለም። ቀረብ ሲል ከጄሪካኑ ጎን ሰው ተቀምጧል። ጋቢ ተከናንቧል። ጋቢው ውሃ ያንጠባጥባል። ከደረቀ ቦኖ ሥር ውሃ ከየት መጣ? እናንተ ብትሆኑ ትጠይቁ ነበር? እሱም አልጠየቀም።

ሰውየው ፊቱን ሳያዞር፣ "ወንድሜ፣ መጣሁ፤ ወረፋዬን ያዝልኝ" አለው።

እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል አለ? የለም። አቶ ልየውም ሳያስበው "እሺ" አለ። ሰውየው ተነሥቶ ሄደ። ወዴት ሄደ? ኮቴው አልተሰማም። አቶ ልየው መንገዱን ልቀጥል ቢል እግሩ አልታዘዝ አለው። ዞር ሲል ከኋላው ጄሪካን ቆሟል፤ ከዚያ ኋላ ሌላ ጄሪካን፣ ከዚያም ኋላ ሌላ፣ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ። ሰው ግን አንድም የለም። ሰልፉ በሙሉ ወደ እሱ ጠጋ አለ።

"ተራህ ደርሷል፤ ቧንቧውን ክፈተው" አለው አንድ ድምፅ።

ከፈተው። መጀመሪያ ንፋስ መጣ። ከዚያ የናፍጣ ሽታ መጣ። ከዚያ ቧንቧው ውስጥ የሰው ሳል ተሰማ።

"ልየው፣ እዚህ ታች ምንም የለም። ምን ያህል ቆፈርክ?"

ጠዋት ከምንጩ የሚመለሱት ሴቶች ሲያገኙት ቧንቧውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "አልቆፈርነውም፣ አልቆፈርነውም" ይል ነበር። ያየውን ሁሉ የነገራቸውም እሱ ራሱ ነው። ከሴቶቹ መካከል እማማ ጥሩወርቅ ከጄሪካናቸው ቀድተው ሰጡት። "ጠጣ፣ ይሄኛው ናፍጣ አይልም" አሉት።

ከዚያስ? ታመመ ተብሎ ተወሰደ። ሌላ ኃላፊ ተሾመ። ለቦኖው ጥገና ተብሎ ሌላ ገንዘብ ወጣ። ሊቀመንበሩ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ሰው የሚያሸብር ወሬ አታውሪ አለኝ። ይኸው እያወራሁ ነው። ጽፌም አስቀምጫለሁ፤ አባቷን ያላየችው ልጄ ፊደል ስትቆጥር ታነበዋለች።

ዛሬ ሲመሽ ቦቴው ሲያልፍ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ነገ እንደገና ሪባን ይቆረጣል፤ እልል በሉ ትባላላችሁ። ስለዚህ የምላችሁን ስሙ። በዚያ መንገድ ማንም ብቻውን አይሂድ። አንዳርጌ ቢሮ ብቻውን ስለሄደ ነው ወረፋህን ጠብቅ የተባለው። ነገ ሁላችንም ጄሪካናችንን ይዘን እንወጣለን። አንስቅም፣ እልል አንልም። ተሰልፈን እንቀዳለን፤ ቦቴው ያመጣው አልቆ ቧንቧው በእንግዶቹ ፊት ንፋስ እስኪተፋ ድረስ እንቀዳለን።

ከሁሉ ፊት ያለውን ጄሪካን ግን አትንኩት። ገመዱን ታውቁታላችሁ። አዲሱ ኃላፊ የማን ነው ብሎ ከጠየቃችሁ እንዲህ በሉት፦

"ባለቤቱ መጣሁ ብሎ ሄዷል። ወረፋውን ይዘንለታል።"