ነጋሽ ጠዋት የገጠመው ካምሻፍት

ነጋሽ ቅዳሜ ጠዋት በገዛ ጋራዡ ውስጥ፣ ከቀይዋ መኪናው ፊት ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ኮፈኑ ክፍት ነው፤ ማጅራቱ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። ሃምሳ አለቃ ገብረጻድቅ ሸንኮራውን በብብቱ ሸጉጦ ሲደርስ ሜካኒኩ አያና ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ነበር ተብሎ ታስሮ ወደ ሐረር የሚወስደውን መኪና እየጠበቀ ነበር።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። የቀድሞ ባለቤቷ አብዮቱ ሲፈነዳ ጥሏት ሲሸሽ ነጋሽ እጅ ገባች። አንድ ቀን ከሚኤሶ ተነስታ አሰበ ተፈሪ የገባችው ድምጿን ቀድማ ነው፤ ድምጿ በማግስቱ በጭነት መኪና መጣ ይላሉ። ያየ ሰው ግን የለም።

«በምን ተጣላችሁ?» አለው ገብረጻድቅ አያናን።

«አቦ፣ በካምሻፍት!»

ካምሻፍት የሞተሩን ቫልቮች እየከፈተ የሚዘጋው ጉብ ጉብ ያለው ዘንግ ነው። ነጋሽ ሁለት ነበረው፤ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ጉብታው ሾል ያለ የእሽቅድምድም።

«መንገዳችን ዳገት ነው፣ ለስላሳው ይሻልሃል አልኩት። እሱ ደግሞ ጩኸት ይወዳል። ሐሙስ በርጫ ላይ፣ ጫቱ መሀል፣ ወንድሙ ሳይቀር ሰው ሁሉ እየሰማ ‹እሺ፣ ለስላሳውን እገጥማለሁ› ብሎ ጨበጠኝ። ከዚያ ወባዬ ተነሳብኝና አርብን ሙሉ ተኛሁ።»

«ማን አየህ?»

«ብርድ ልብሴ።»

ገብረጻድቅ ሳይስቅ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ዘርፈሽዋል ዞረ።

«እትዬ፣ ባልሽ በበርጫው ቃል ጸና?»

«በምርቃና ያለውን ጠዋት ያስታውሳል ብለህ ነው? ባለፈው ወር ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ሠርቶልኝ ነበር። ነጋ፣ ፎቁም የለም።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አርብ በጠዋት ብቻውን ጋራዥ ገባ። ወንድሙ አሰግድ መኪናዋን ለኮንትሮባንድ ስጠኝ እያለ ሲነዘንዘው ነበር የሰነበተው፤ ቁልፉን ከለከለው።»

ገብረጻድቅ የሞተሩን ክዳን ፈታ። ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየ፣ አየና መልሶ ገጠመው።

አጠገባቸው የቆመው አሰግድ ሳይጠየቅ ነው የጀመረው። «አርብ አመሻሹ ላይ በበሩ ስንጥቅ አየሁ፣ ሃምሳ አለቃ። ወንድሜ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ያዳምጣል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ የሚረግጥለት ሳይኖር፣ እንደ ድመት ያንኮራፋል። አያና ብረት ይዞ ከኋላው ቆሟል።»

«መሪው ጋ የተቀመጠ አለ?»

«ማንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በእናቴ!»

ውጭ የሐረሩ መኪና ጡሩንባ ተሰማ። አያና ዓይኑን ጨፈነ። ገብረጻድቅ ሁሉንም በመኪናዋ ዙሪያ ሰበሰበ።

«አሰግድ፣ እስቲ አስነሳልን።»

ሞተሩ ተነሳ፣ አጓራ፤ ጣራው ላይ የነበሩት እርግቦች በረሩ።

«እግርህን ከነዳጁ አንሳ።»

አነሳ። ሞተሩ ተንዘፈዘፈ፣ አሳለና ጠፋ።

«ድገም።»

ደገመ፤ ጠፋ።

«ድመቷ የታለች?» አለ ገብረጻድቅ። «አያና፣ ይህ የየትኛው ጠባይ ነው?»

«የእሽቅድምድሙ! ወይ ይጮሃል፣ ወይ ይጠፋል፤ አያንኮራፋም።»

«ነጋሽ ጠዋት ሐሳቡን ለውጦ የእሽቅድምድሙን ገጠመ። አሰግድ፣ አንተ ያወራህልን በበርጫው ለስላሳው ይገጠምለታል ሲባል የሰማኸውን ሞተር ነው። አርብ የሰማኸው ነገር የለም፤ ስለዚህ አያናንም አላየህም።»

ገብረጻድቅ ወደ መሣሪያ ጠረጴዛው ዞረ።

«ለስላሳው ታዲያ የት ገባ? ጠረጴዛው ላይ መኖር ነበረበት። ገዳዩ የመጣው ቁልፍ ሊለምን ነው፤ ሲከለከል እጁ የገባለትን ዘንግ አነሳ። ይኸው፣ ከመጸዳጃው ጉድጓድ አወጣነው!» አለና በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ብድግ አደረገ።

ሁሉም ጨርቁን አዩ። አሰግድ ብቻ ጥግ ያለውን የተቃጠለ ዘይት በርሜል አየ።

ገብረጻድቅ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን በርሜሉ ውስጥ ከተተ፤ ጥቁር ዘይት የሚያንጠባጥበውን ለስላሳውን ካምሻፍት አወጣ።

«አንዴ ብቻ ነው የመታሁት» አለ አሰግድ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ። ዘርፈሽዋል ጮኸች።

የአያና ገመድ ተፈታ፤ የሐረሩ መኪና አሰግድን ጫነ። ገብረጻድቅ ጨርቁን ፈታው፤ ሸንኮራ ነበር። በጉልበቱ ሰብሮ ግማሹን ለአያና ሰጠው።

አያና አልነካውም። ዘይት የሚያንጠባጥበውን ዘንግ እያየ፣

«ለስላሳው ይሻልሃል ብዬው ነበር» አለ።