በነብሯ መንገድ ላይ ሦስት ደቂቃ

ባለመነጽሯ ሰውዬውን ስታይ ነብሯን ሳታያት ቀረች። ጥፋቱ የጀመረው ከዚህ ነው።

ሥራዋ ተራራው ላይ የተደበቁት ካሜራዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች መለየት ነበር። ንፋስ ያወዛወዘው ቅጠል፣ ጥንቸል፣ ደግሞ ቅጠል፣ ዕድል ሲቀናም ነብር። በጠባቧ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ራሷ የጻፈችው ማሳሰቢያ ተለጥፏል፦ «አትሩጥ። አታጎንብስ። ጀርባህን አትስጥ። ብቻህን አትውጣ።» እሷ ራሷ ግን ተራራውን የምታውቀው በመስኮት ነው።

ሰውዬው ዱካ ፈላጊው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ዱካ» ይለዋል። ረቡዕ ይወጣል፣ ላይ ካለችው ጎጆ ያድራል፣ ሐሙስ ሲወርድ የካሜራዎቹን ካርድ ሰብስቦ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀምጥና ጆሮው ቀልቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ ይወጣል። የተዋወቁትም በፎቶ ነው። አንድ ቀን ካሜራ ሰባት ፊት ምላሱን አውጥቶ ጫማውን ሲያስር አየችውና እየሳቀች አትማ ሰጠችው። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ ባርኔጣውን አንስቶላት ተገኘ።

ከዚያ ጽሑፍ መጣ። በላስቲክ በተሸፈነ ካርቶን ላይ፣ በሳምንት አንድ ቃል። «አንቺና»። «እኔ»። «አብረን»። ካሜራው በጉልበት ቁመት ስለተሰቀለ ቃሉን ለማሳየት መንበርከክ ነበረበት። እሷም በየሐሙሱ ትቆጣዋለች።

«ቶሎ ትነሳለህ! ደብዝዞብኛል። ትንሽ ቆየት በል እንጂ።»

እሱም ቆየት አለላት።

አራተኛው ቃል በሚወጣበት ረቡዕ የወሩን ሪፖርት እየሠራች ነበር። አብረን ምን? «እንኑር» ሊል ነው ወይስ «ሻይ እንጠጣ»? እያለች ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። የነብር ፎቶዎቹን ከሌላ ማኅደር አምጥታ ሰዓታቸውን ከሱ ፎቶዎች ጎን ስትጽፍ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። በመጀመሪያው ሳምንት እሱ ከተነሳ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነብር በዚያው አለፈች። በሁለተኛው ከሰባት ደቂቃ በኋላ። ባለፈው ሳምንት ከሦስት። አፍንጫዋን የጫማው ዱካ ላይ ደፍታለች። ከበስተጀርባዋ፣ ከቋጥኙ ሥር፣ አራት ትንንሽ ዐይኖች ያበራሉ።

ነብሯ ሰዓቷን አልለወጠችም። የቆየው እሱ ነው። እንዲቆይ የለመነችው ደግሞ እሷ ናት።

እየሮጠች በር ላይ ወደሚቀመጡት ሽማግሌ ሄደች። የዱካ የተራራ ጓደኛ እሳቸው ነበሩ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ግን በር ይጠብቃሉ፤ እሱም ብቻውን ይወጣል። ማሳሰቢያው ሲጣስ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ሆኗል፤ እሷም ጭምር።

«ጋሼ፣ በሬዲዮ ጥሩልኝ!»

«ከሸንተረሩ ወዲያ ሬዲዮ አይሠራም። ምን ሆንሽ ልጄ?»

ፎቶውን ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ትንንሾቹን ዐይኖች በጣታቸው ቆጠሩ።

«ደቦሎች አሏት። ልትበላው አይደለም፤ ከልጆቿ ልታርቀው ነው የምትሸኘው። ግን አልሄድ ያለ እንግዳ ሲገጥማት…» አልጨረሱትም። «ካሜራ ሰባት ጋ መቼ ይደርሳል?»

«አሥር ሰዓት ገደማ።»

«አሁን ስድስት ተኩል ነው። የመኪናውን ቁልፍ አምጪ።»

«ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴማ ከኔ ጋር ይወጣል፤ ሌላ የት አባቱ ይሄዳል?»

መንገዱ አላልቅ አላት። እናቷ ያለቻት ትዝ ይላታል። «ከነብር ጋር የሚውል ሰው ባል አይሆንሽም። ዕድሜ ልክሽን በር በር ስታዪ ልትኖሪ ነው?» በየሐሙሱ በር በር ማየት ከጀመረች ስንት ወሯ እንደሆነ ለእናቷ አልነገረቻትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ተረቱን ከአእምሮዋ ልታወጣው ብትሞክር እምቢ አላት።

ከመኪናው ወርደው ሽቅብ ሲወጡ ጭጋጉ አብሯቸው ወጣ። እርጥቡ መሬት ላይ የጫማ ዱካ ታየ፤ የግራው ተረከዝ ያለቀ። የሱ ነው። በላዩ ላይ ሌላ ክብ ዱካ አርፎበታል።

«ውሻ ይሆን?» አለች፣ ውሻ ቢሆንላት ብላ።

«የውሻ ጥፍር መሬቱን ይወጋል። የድመት ዘር ጥፍሩን ሰብስቦ ነው የሚረግጠው። እዪው፣ ጥፍር የለውም።» ሽማግሌው ጠርዙን በጣታቸው ነኩ። «ከላይ ያለው የኋለኛው ነው። አልደረቀም።»

ዛሬ ነብሯ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልጠበቀችውም። ባለመነጽሯ እርምጃዋን አፈጠነች።

ከመታጠፊያው በኋላ አየችው። ካርቶኑን በእጁ ይዞ ካሜራው ፊት ቆሟል፤ ሊንበረከክ ነው። ከኋላው፣ ከቋጥኙ አናት፣ ጭራ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ።

ጩኸት ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። ብትጮህ ይሮጣል፤ ከሮጠ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ቢሮዋ ውስጥ በምትናገርበት ድምፅ፣

«ዱካ፣ እንዳታጎነብስ» አለችው።

ቀና አለ። እዚህ ቦታ እሷን ማየቱን ማመን አቃተው።

«ከኋላህ ናት። እንዳትሮጥ።»

ቀስ ብሎ ዞረና ነብሯን በፊቱ አደረገ። ባለመነጽሯ ጃኬቷን ከፍታ ከፍ አድርጋ ዘረጋችው፤ ሽማግሌውም ከዘራቸውን አነሱ። ከዚያ ወደ እሱ ሄደች። ማሳሰቢያዋ ይህን አይልም ነበር፤ እግሯ ግን አልጠየቃትም። እጁን ያዘችው። ካርቶኑ ወደቀ።

«በርቱ ልጆቼ፣ የኋሊት፣ ቀስ» አሉ ሽማግሌው።

አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። ነብሯ ከቋጥኙ ወረደች፣ ካርቶኑን አሸተተች፣ ረገጠችው፣ ቀና ብላ አየቻቸው። ነብሯ ዞራ ወደ ልጆቿ ተመለሰች።

ከሸንተረሩ ወዲህ እስኪደርሱ ዱካ እጇን አልለቀቀም። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ሊያሹ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«አነበብሽው?» አላት በመጨረሻ።

«መነጽሬን ጭጋግ ሸፍኖት ነበር። በአፍህ ንገረኝ።»

ጆሮው ቀላ። እንደ ሐሙሱ ዝም ሊል ነው ብላ ፈራች።

«እንኑር» አለ፣ ድምፁ ሊሰማ አይሰማ። «አንቺና እኔ አብረን እንኑር?»

እንባዋ መጣ። «እኔ ነኝ ያስቆየሁህ። ብትሞትብኝ ኖሮ…»

«መልሱን ንገሪኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ብቻህን ካልወጣህ እሺ። እሺ አልኩህ!»

ነብሯ ልጆቿን ወደ ሌላ ዋሻ ማዛወሯን ከማዶ በሩቅ ማሳያ መነጽር ካረጋገጡ በኋላ፣ ሦስቱም ካሜራ ሰባትን ሊያነሱ ወጡ። ካርቶኑ እዚያው በወደቀበት ቦታ ነበር። «እንኑር?» በሚለው ቃል ላይ ክብ የጭቃ ዱካ ደርቆበታል።

«እናቴ ምስክርሽ ማነው ብትለኝ ምን ልበላት?» አለች ባለመነጽሯ እየሳቀች።

ሽማግሌው ካርቶኑን ተቀብለው ወደ ዐይናቸው አስጠጉት።

«ይቺ ናት በያት። እዪ፣ ጥፍሯን ሰብስባ ነው የረገጠችው።»