ሞተሩ ከመከደኑ በፊት

«ሲገሯ ስትፈናጠር የሞተሩ አፍ በጨርቅ ተደፍኖ ነበር?»

መካኒኩ ዳኛው ልጁን ሕሊናን እንዲህ ብሎ ሲጠይቃት ፊቱን አላከበደም። እጁን በአሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ እየጠረገ፣ ምሳ ደርሷል ወይ እንደሚል ሰው ነበር የጠየቃት። ሕሊና ግን ያኔ መመለስ አልቻለችም። መልሱን ታውቀዋለች፤ ከአፏ ማውጣቱ ነው የከበዳት።

«ነበር!» አለ ከጎኗ የቆመው ታላቅ ወንድሟ ምንይችል። «ጥርቅም ተደርጎ ተደፍኖ ነበር።»

«አንተን ጠይቄ ጨርሻለሁ። አሁን እሷን ነው።»

ፀዳ በምትባለው ትንሽ ከተማ ከአስፋልቱ ዳር ሞተር ሳይክል የሚጠግኑ ሌሎችም አሉ። ዳኛው ግን ሌሎቹ የሚስቁበት አንድ ልማድ አለው። የተፈታ ሞተር ከመክደኑ በፊት የነካውን ሰው ሁሉ ለየብቻ ይጠይቃል፤ ምን ፈታህ፣ ምን ጣልክ፣ ምን ጠፋብህ ይላል። የሰጡትን ቃል ይዞ ይከድናል፤ ተመልሶ አይፈትሽም። «ሰውየውን ከጠየቅሁ በኋላ ብረቱን ብጠይቅ ሰውየውን ሰደብኩት ማለት ነው» ይላል።

ስልኩ ጠራ። ዳኛው በክርኑ ተጭኖ አነሳው። «አቤት አያ አዘዘ! አዎ፣ ዛሬ ይደርሳል። ከምሳ በኋላ ብቅ ይበሉ።» ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ሕሊና ዞረ። «ምሳ በልቼ ሲሊንደሩን አለብሰዋለሁ። እስከዚያ ትነግሪኛለሽ» ብሏት ወደ ቤት ገባ።

አያ አዘዘ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። የሚሠሩት በደባርቅ መንገድ ላይ ባለችው ድብ ባሕርና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ነው። የመሥሪያ ቤታቸው ሞተር ሳይክል ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ የሚጠጣ አሮጌ ቱ ስትሮክ ነው፤ ዳገት ሲወጣ እንደ ተቆጣ ንብ ይጮኻል። አንድ ቀን አንዱ ሰው ዘይቱን ረስቶ ቤንዚን ብቻ ሞላበትና ፒስተኑ ተቃጠለ። አዲሱ ፒስተን ከአዲስ አበባ እስኪደርስ፣ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ጊዜው ሄደ። በዚህ መሀል የአያ አዘዘ ጉልበት ታመመ። ሞተሩን የሚነዳላቸውና የክትባት ሳጥኑን የሚይዝላቸው ወጣት ሲፈልጉ ዓይናቸው ምንይችል ላይ አረፈ።

ምንይችል አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። ከዚያ ወዲህ ሰው «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ሲለው ስልኩን አውጥቶ ማየት ይጀምራል። የክትባቱ ሥራ የመጀመሪያ ሥራው ሊሆን ነው። «ሰኞ ክትባት ይጀመራል። ሞተሩ ከተነሳ እሑድ በጠዋት እንወጣለን፤ መንገዱ ክፍት ሳለ» ብለውታል አያ አዘዘ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወንድምና እህት ፒስተኑን ሊያዘጋጁ ቁጭ አሉ።

አዲስ ፒስተን ከካርቶኑ ወጥቶ እንዲያው አይገባም። መጀመሪያ ይታጠባል። ሕሊና በሳፋ ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና አድርጋ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቦዩን ሁሉ ፈተገችው። ካደረቀችው በኋላ አውራ ጣቷን በጠርዞቹ ላይ አስኬደች። በፒስተኑ ወገብ ላይ ያሉት መስኮቶች ጠርዛቸው ስለታም ነበር።

«ጥፍርሽን ጎትቺበት» አላት ምንይችል የአባታቸውን ወፍራም ድምፅ እያስመሰለ። «ጥፍርሽን ከያዘው ሲሊንደሩንም ይቧጭረዋል።»

በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያሸች አለዘበችው። ከዚያ እንደገና አጠበችው፤ የብረት ብናኝ ከቀረበት የተለፋው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ፒስተኑን የሚከቡት ሁለት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች፣ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ የሚሏቸው፣ ተለኩ። ምንይችል አንደኛዋን ብቻዋን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባና በፒስተኑ አናት ገፋ አድርጎ ቀጥ አስባላት። የቀለበቷ ሁለት ጫፎች አይነካኩም፤ በመሀላቸው ለዓይን የምታስቸግር ክፍተት አለች። ቀጭኗን የመለኪያ ምላጭ ከተተባት፤ ገባች። ወፍራሟን ሞከረ፤ እምቢ አለች።

«ይኸውልሽ፣ በልኳ ናት። ክፍተት ባይኖራት ሲግል የት ትሄዳለች?»

«አንተስ ነገ የት ትሄዳለህ?»

«ድብ ባሕር ነዋ! እያወቅሽ ታደርቂኛለሽ?»

ሳቁ። ፋሻዎቹን በቦያቸው አስቀመጡ። ፒስተኑ አናት ላይ የተቀረጸችው ትንሽ ቀስት ወደ ጭስ ማውጫው እንድታይ አድርገው ያዙት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ሸጋ ነበር።

ፒስተኑን የሚሸከመው ቢየላ የሚባል የብረት ክንድ ነው፤ ከሞተሩ ሆድ በተከፈተው አፍ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ፒስተኑ በክንዱ ራስ ላይ ይቀመጥና አጭር ወፍራም ፒን ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ፒኑ እንዳይወጣ ደግሞ ግራና ቀኝ ሲገር የምትባል ትንሽ የሽቦ ቀለበት ትቆለፍበታለች። ሲገር እንደ ፌንጣ ናት፤ ለቀቅ ካደረጓት ትፈናጠራለች። ዳኛው በሲሊንደሩ ሥር የሚነጠፈውን የሞተር ወረቀት፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ሊገዛ ወደ ትልቁ ከተማ፣ ፒያሳ፣ ሲሄድ «ከሁሉ በፊት አፉን በጨርቅ ድፈኑ» ያላቸው ለዚህ ነው።

ደፍነውት ነበር። የመጀመሪያዋ ሲገር በደህና ገባች። ሁለተኛዋን ሊያስገባ ሲል ቢየላው አልመች አለውና ምንይችል ሞተሩን ትንሽ ማዞር ፈለገ። ጨርቁ ያዘው። መዘዘና ለሕሊና ሰጣት።

«ልመልሰው?» አለችው ካዞረ በኋላ።

«ቆይ አቦ፣ አንድ ሰከንድ ናት!»

ጥቅ አለ። ሲገሯ ከፒንሳው አፍ ጠፋች። ጨርቁ ሕሊና እጅ ላይ ነበር።

መሬቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ ፈለጉ። ሳፋውን ገለበጡ። ምንይችል ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በክር አስሮ ወደ ሞተሩ ሆድ ሰደደ፤ ማግኔቱ ግን እላይ ያለው ወፍራም ብረት ላይ እየተለጠፈ ወደ ታች አልወርድ አለ። ሲሰለቸው ክሩን ጠቀለለ።

«ወደ ዘይቱኑ ነው የበረረችው» አለ ግቢው ጥግ ወዳለችው ዛፍ እያመለከተ። ጨርቁን ከእጇ ወስዶ አፉ ላይ መልሶ ወተፈው። አባታቸው ሲመለስ «አንዷ ተፈናጥራ ጠፋች» አለው። ዳኛው ከጣሳው ሌላ አዲስ ሲገር አወጣና በገዛ እጁ አስገባ። ከዚያ ነው መጠየቅ የጀመረው።

አሁን ዳኛው ምሳ ላይ ነው። ምንይችል ሕሊናን በክንዷ ይዞ ወደ ግቢው ጥግ ወሰዳት።

«ምነው ዝም አልሽ? ነበር በይው፣ አለቀ!»

«አልነበረማ።»

«ውጭ ነው የወደቀችው አልኩሽ እኮ። አይቻታለሁ።»

«የት? አሳየኝ።»

መሬቱን አየ። ደረቅ ቅጠልና ጠጠር ነው። «ሆዱ ከተከፈተ ዛሬ አያልቅም፣ ነገም አያልቅም። አያ አዘዘ ደግሞ አይጠብቁኝም፤ ሌላ ሰው ይይዛሉ። ከዚያ እኔ እዚሁ ተጎልቼ...» አንድ ጠጠር በእግሩ መታ። «ለነገሩ ማን ያምንሻል? ትናንት ምሳ ላይ ምን ብለሽ ተሳልሽ?»

ትናንት ምሳ ላይ ሕሊና በሁሉም ፊት «ሞተሩ ካልተነሳ ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ አስገባለሁ» ብላ ነበር። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ግማሹ ግን ቀልድ አልነበረም። ከምንይችል ጋር ካልሆነ ጋራዡ ውስጥ ቅዳሜን እንዴት እንደምታሳልፍ አስባው አታውቅም።

«እንዳይሄድ ብላ ዋሸች ነው የሚሉሽ» አለ ምንይችል። «እኔም እንደዚያው ነው የምለው።»

ጥሏት ሄደ። ሕሊና ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ በእንጨት መሬቱን ጫረች። ሲገሯ እዚህ ብትገኝ ነገሩ ሁሉ ያበቃል። አልተገኘችም። ሆዱ ውስጥ ከሆነች ደግሞ ዛሬ አይታወቅም። ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ሽቦዋ ከታች ተሽከርክራ ወደ ፒስተኑ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ድንገት ይነክሳል፣ የኋላው ጎማ ይቆለፋል። አባቷ አምና ይህን ሲነግራት ነጂው ምን እንደሚሆን አልጨመረም ነበር። እሷም አልጠየቀችም።

እናታቸው የትነበርሽ ከቤት ወጥታ ሞተሩ አጠገብ ቆመች። የምንይችልን ሹራብ አጥፋ በብብቷ ይዛለች። ዙሪያውን ዞረችው። የተፈታውን ሞተር አላየችውም፤ ከመሪው ላይ የፍሬኑን እጀታ ይዛ ጨመቀች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ጨመቀች።

«ቁልቁለት ላይ ይይዛል?» አለች።

«እማዬ፣ ፍሬኑ ካንቺ እጅ ይጠነክራል!» አለ ምንይችል እየሳቀ። «አትጨነቂ።»

«እሺ፣ መሀል መንገድ ቢቆምስ?»

«ቢቆም እገፋዋለሁ። ባይሆን አያ አዘዘን አዝዬ እሄዳለሁ።»

«ያሾፋል ደግሞ!» ሹራቡን ወርውራበት ሳቀች። ግን እንደገና ጎንበስ አለችና የፊት ጎማውን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ አየችው። መጠየቅ የሚገባት ሌላ ነገር እንዳለ የተሰማት፣ ነገር ግን ስሙን የማታውቀው ሰው ትመስል ነበር። ሕሊና እናቷን ከሩቅ አየቻት። እንጨቱን ጣለችና ተነሳች።

አያ አዘዘ በባጃጅ መጡ። በትከሻቸው ሰማያዊውን የክትባት ሳጥን አንግተዋል፤ ሲወርዱ ጉልበታቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙ።

«እንዴት ዋላችሁ? ምነው፣ አልተከደነም እንዴ?» አሉ።

«አሁን ነው የሚከደን» አለ ዳኛው። ሲሊንደሩን ዘይት ቀብቶ በሁለት እጁ ይዞታል። ወደ ሕሊና ቀና አለ። «እህ?»

«አልነበረም» አለች።

ምንይችል ዘለለ። «አባዬ! ውሸቷን ነው! እንዳልሄድ ብላ ነው። ትናንት ስትሳል ሁላችሁም ሰምታችኋል!»

«ጨርቁ እጄ ላይ ነበር» አለች ሕሊና። አባቷን እንጂ ወንድሟን አላየችም። «ሞተሩን ለማዞር ወጣ፤ ሳይመለስ ሲገሯ ተፈናጠረች። ወዴት እንደሄደች አላየሁም። እንዳይሄድም ፈልጌያለሁ፤ እሱም እውነት ነው። ጨርቁ ግን አልነበረም።»

ዳኛው ሲሊንደሩን ንጹሕ ጋዜጣ ላይ አስቀመጠው። ማንንም አልተቆጣም።

«ሁለት ቃል አለኝ» አለ። «ሁለት ቃል ይዤ አልከድንም። ምንይችል፣ ቁልፎቹን አምጣ።»

«ቢከፈት ስንት ቀን ነው?» አሉ አያ አዘዘ።

«መክፈቱ ዛሬ ያልቃል። ሆዱ ከተከፈተ ግን የመሀሉም ጓርኒሲዮን ይቀየራል፤ እሱ ደግሞ ፒያሳም የለም። ማስመጣት ነው።»

አያ አዘዘ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን አሹ። «መንገዱን ታውቀዋለህ ዳኛው። ዛሬ ክፍት ነው፤ የሳምንቱን አላውቅም። ሰዉ ደግሞ ሰኞ ከብቱን ይዞ ይወጣል፤ ተመለሱ አልላቸውም።» ስልካቸውን አወጡ። ድብ ባሕር የራሱ ሞተር ያለው ስማቸው የሚባል ጎልማሳ አለ፤ እሱን አናገሩት። ንግግሩ አጭር ነበር፤ ስማቸው ሊነዳላቸው እሺ አለ። ሲጨርሱ ምንይችልን በእጃቸው ጠሩት።

«አትከፋ ልጄ። ሸጋ ልጅ ነህ። ሞተሩ ሲነሳ ደውልልኝ። ቦታው ይጠብቅሃል ብዬ ግን አልዋሽህም።»

«እሺ አያ አዘዘ» አለ ምንይችል። ቁልፎቹ እጁ ላይ ነበሩ።

ከሰዓቱን ሙሉ ፈቱ። ዳኛው ቡሎኖቹን ያላላል፤ ምንይችል ያወጣል፤ ሕሊና እየተቀበለች ሳፋ ውስጥ በተራ ታስቀምጣለች። ሆዱ ለሁለት ሲከፈል ሲገሯን ቀድሞ ያያት ምንይችል ነበር። ከታች፣ ጠቁሮ በቀረው ዘይት ውስጥ፣ በጎኗ ተኝታለች። በፒንሳ አንስቶ አባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጣት። ዳኛው አገላብጦ አያት። ምንይችል ፒንሳውን አስቀመጠ። ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ሲታጠብ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ።

ሕሊና ልትከተለው ተነስታ ነበር። «አየህ?» ማለት አልፈለገችም። «ይቅርታ» ማለትም ትክክል አልመሰላትም። የዛሬውን ነገር ማንሳት ያለበት እሱ ነው ብላ አሰበች፤ ሲፈልግ፣ ከፈለገ። ተመልሳ ተቀመጠችና አቧራ የገባበትን ፒስተን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

እሑድ ጠዋት አያ አዘዘ ሳጥናቸውን ይዘው በሚኒባስ ወደ ድብ ባሕር ሄዱ። ምንይችል ቀረ።