ሁለት ጣት ክፍተት

ዳኘውን ያወቅሁት አጥሬ ለሦስተኛ ጊዜ በወደቀበት ዕለት ነው።

ሚያዝያ ነበር። ከጣና የሚነሣው የከሰዓት ነፋስ ከሐይቁ ዳር ቄጠማ፣ ከደንገል፣ ያጠርሁትን ጥሎ፣ ቲማቲሙን ከነድጋፉ አስተኝቶት፣ የጎመኑን ቅጠል ተልትሎት አገኘሁ። አባቴ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዓይናቸው ጠፍቶ ማስተማር ካቆሙ ወዲህ ሁለታችንም የምንበላው ከዚያች የሐይቅ ዳር መሬት ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

«ነፋስን ልታስሪው ነው እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ።

እንጨት ሊሸጥ የመጣ የዘጌ ጎረምሳ ታንኳውን እያሰረ ይስቃል። ደሜ ፈላ።

«ሳቅህን ይዘህ ወደ ዘጌህ ተመለስ!»

«አትቆጪ እንጂ። ደንገሉን ጠቅጥቀሽ ነው ያጠርሽው። ነፋስ ሲዘጋበት ይገፋል። ሁለት ሁለት ጣት ክፍት ተይለት። ግማሹ ይለፍ፤ ሲያልፍ ይደክማል።»

አውርቶ አልሄደም። ፀሐይ እስክትጠልቅ አብሮኝ አጠረ። ገመዱ ላይ ጣቶቻችን ሲነካኩ ማናችንም ቶሎ አላነሣንም።

በሳምንቱ የሰንሰል ቁራጭ አምጥቶ ከአጥሩ ሥር ተከለ።

«ይኼ ሲያድግ ደንገል አያስፈልግሽም። ሦስት ክረምት ብቻ ነው» አለኝ።

«ሦስት ክረምት ማን ይጠብቃል?»

«እኔ» አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ።

ነገሩ አባቴ ጆሮ ሲደርስ ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን አጥሩ ድረስ ምሪኝ አሉ። ክፍተቱን በጣታቸው እየለኩ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ።

«ይህ ልጅ ልክ ያውቃል» አሉ። «ሽማግሌ ይላክ።»

ሠርጋችን ለሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ተቆረጠ። አንድ ወር ሲቀረው አፈሳ መጣ። ጠመንጃ ያነገቱ የቀበሌ ጠባቂዎች ወጣት የተባለውን ሁሉ ከገበያው እየለቀሙ ለሰሜን ጦርነት ይጭኑ ጀመር። ዳኘው እንጨቱን ጥሎ አመለጠና አትክልቴን የምጠብቅባት ጎጆ ውስጥ ተደበቀ።

«ሐይቁ ሲበርድ እሻገራለሁ። ዘጌ ከገባሁ ጫካው ይሸሽገኛል» አለ።

ሐይቁ ግን አልበረደም። ሁለት ቀን ሙሉ ማዕበሉ ታንኳ አላስወጣ አለ። ጠባቂዎቹ ጠዋትና ማታ በአጥሩ ጥግ ያልፋሉ። በክፍተቱ ጫማቸው ይታየኛል። ጫማቸው ከታየኝ እሱም ይታያቸዋል።

በሦስተኛው ቀን እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ደንገል ቆርጬ ክፍተቱን ሁሉ ጠቀጠቅሁት። ነቅቶ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሸጊቱ፣ ምን አደረግሽ?»

«እንዳያዩህ ነው።»

«ነፋሱስ?»

«አጥሩ ላንድ ቀን ይችለዋል።»

ደንገሉን ሊነቅል እጁን ሲሰድ ያዝሁት። «ከወደድኸኝ ተው» አልሁት። እያወቀ ተወው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ከሰዓት ነፋሱ መጣ። አጥሩ ወደ ውስጥ ተነፋ፤ ምሰሶዎቹ ይንቋቁ ጀመር። ዳኘው ከጎጆው ወጥቶ አጥሩን በጀርባው ደገፈው፤ እኔም ከጎኑ ሆኜ ገፋሁ። ከአጥሩ ወዲያ የጠባቂዎቹ ወሬ ይሰማል። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ አጥሩ ከነምሰሶው ተነቅሎ በላያችን ወደቀ።

ደንገሉ ሁለታችንንም ሸፍኖን ነበር። ዝም ብንል ኖሮ ያልፉ ነበር። ግን ምሰሶው እግሬ ላይ ነበርና «እግሬን!» ብዬ ጮኽሁ። ዳኘው ተነሥቶ ምሰሶውን አነሣልኝ። ቀና ሲል ጠመንጃ ተደግኖበታል።

እጆቹን በራሱ አጥር ገመድ የኋሊት አሰሩት። እኔ መቆም አቅቶኝ ቲማቲሙ ላይ እየዳኽሁ ተከተልኋቸው።

«ሰንሰሉ አልተሰበረም» አለኝ ዞሮ። «ውኃ አጠጪው።»

ከአሥመራ አንድ ደብዳቤ መጣ። ስለ እግሬና ስለ ሰንሰሉ ይጠይቃል። ሌላ አልመጣም።

ደርግ ሲወድቅ በመንገዱ ያለፈውን የተበተነ ወታደር ሁሉ አስቁሜ ጠየቅሁ። የሚያውቀው አልተገኘም። አባቴም ስሙን እየጠሩ አረፉ።

ሰንሰሉ ቁመቴን አልፏል። ጎረቤት «ይደግ ተይው፣ ይሸፍንሽ» ይለኛል። እኔ ግን በየሚያዝያው በማጭድ አሳሳዋለሁ፣ ሁለት ሁለት ጣት። ነፋሱ ደክሞ ይገባል፤ አትክልቱም ደህና ነው። እግሬን ዘርግቼ እቀመጥና በክፍተቱ መንገዱን አያለሁ።

ሦስት ክረምት ማን ይጠብቃል ብዬው ነበር። ዘንድሮ አሥራ አንደኛው ገባ።