እሜቴን ማን ይገዛል

«አልገዛም አልኩሽ። ይዘሻት ተመለሽ።»

የሺአረግ የካሪዮላውን እጀታ እንደያዘች ቀረች። ካሪዮላው ላይ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ የተቀመጠችው፣ ቆማ ብትለካ እስከ የሺ ደረት የምትደርስ ባለ እንጨት ሣጥን ድምፅ ማጉያ ናት። ከቤት እስከዚህ ሱቅ ድረስ ባለው የገርጂ ኮረኮንች፣ በሰኔ ጭቃ፣ ሁለት ጊዜ ልትገለበጥ ምንም አልቀራትም ነበር።

«ጋሽ ሙክታር፣ ዓመት ሙሉ ‹ሽጡልኝ› ሲሉ የከረሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ይኸው፤ እማዬ ትናንት እሺ አለች።»

ጋሽ ሙክታር ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው የሌለ አቧራ መጥረግ ያዙ። እኚህ ሰው አንዲት ክብሪት እንኳ ሳይከራከሩ የማይሸጡ፣ ሳይከራከሩም የማይገዙ ናቸው። ይህችን ማጉያ ለሻይ ቤታቸው ፈልገው ያላጣጣሉት ጎን አልነበራትም። ‹እንጨቷን ውኃ በልቶታል›፣ ‹አይጥ ጎጆ ቀልሶባታል›፣ ‹እኔማ ለማገዶ ነው የምወስዳት› ይሉ ነበር። ለማገዶ የሚፈለግ ዕቃ በየሳምንቱ ቅዳሜ ተመላልሶ እንደማይጠየቅ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ዛሬ ግን ዋጋ እንኳ አልጠሩም።

«ፈተናሽ መቼ ነው?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ሐሙስና ዓርብ።»

«በቃ፣ ግቢና አጥኚ። ይሄ ከፈተናሽ በኋላ ይደርሳል።» ከዚያም ከብልቃጡ እፍኝ ሙሉ ከረሜላ ዘግነው በኪሷ ጨመሩላት። ሒሳብ አልጠየቁም። የሺ ይህን ደግሞ ከመጀመሪያውም ይበልጥ አላመነችም።

እውነቱን ለመናገር ግን ከሱቁ ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር። እሜቴ እንድትሸጥ ፈልጋ አታውቅም።

«እሜቴ» ብሎ ስም ያወጣላት ወንድሟ ገሰሰ ነው። አባታቸው በሕይወት ሳለ ቦሌ መንገድ አካባቢ አንድ ፈረንጅ ቤት ዘበኛ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጁ ሻንጣውን ብቻ ይዞ አገር ለቀቀ፤ ማጉያዋን ለዘበኛው ተወለት። ያኔም ቢሆን አሮጌ ነበረች፤ ገሰሰ «በዕድሜ እናታችንን ትበልጣለች፣ ስለዚህ አንቺ አትበሏት» እያለ ያስቅ ነበር። ከሬድዮው ጋር አገናኝቶ ሲከፍታት የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር ሊያዳምጥ ይመጣል።

ከሁለት ዓመት በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ «ሰፈሩ ጠግቦ ይሰንብት» ብሎ እስከ መጨረሻው አስጮኻት። እሜቴ ትንሽ ጢስ አለችና ዝም አለች። ገሰሰ ሣቀ እንጂ አላዘነም።

«ስመለስ እጠግናታለሁ። እንዳትሸጧት፤ ፋራ አትሁኑ» አላቸው። ለየሺ ደግሞ ለብቻዋ፣ «አንቺ ከአይጥ ጠብቂልኝ» አላት።

አይጦቹ ይህን አልሰሙም። በሁለት ክረምት ውስጥ ድምፅ የሚያወጣውን ወረቀቷን ቦጫጭቀው ጨረሱት። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃም እንጨቷን አሳበጠው።

እናታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ እጇን የሰጠችው ትናንት ነው። ለገሰሰ የጀመረችው ሹራብ ክር አልቆበት ክንዱ ላይ ቆሟል። ክሩ ተገዝቶ፣ በሶና ዳቦ ቆሎም ተጨምሮ፣ ጥቅሉ እሱ ወዳለበት አሥመራ እንዲሄድላት ትፈልጋለች። የሰፈሩን ጥቅል ሁሉ የሚያደርሱት ጋሽ ላጲሶ ናቸው፤ የመንግሥት የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው።

«ልጄ በብርድ እየተንቀጠቀጠ እኔ የተቃጠለ ሣጥን ልጠብቅ?» አለች እናትየው። የሺ አኩርፋ አደረች። ጠዋት ግን ካሪዮላ ተዋሰች።

አሁን ገዢ ሲጠፋ፣ ካሪዮላውን ወደ ቤት ሳይሆን ወደ መገናኛ አዞረችው። ምናልባት ብትጠገንስ? የተጠገነችን ማጉያ እናቷም ለመሸጥ ትሳሳለች ብላ አሰበች።

መገናኛ ላይ፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ቤት፣ ጋሽ ዓንዶም ሬድዮ ይጠግናሉ። ግድግዳቸው ላይ በትልቁ «ቀብድ ያልከፈለ ሬድዮ አይነካም» የሚል ተጽፏል። ገሰሰ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚውለው እዚህ ነበር፤ የሚያውቀውን ሁሉ የተማረው ከእሳቸው ነው። ጋሽ ዓንዶም ብርድ ልብሱን ገልጠው እሜቴን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ዊንጮቹን አንድ በአንድ ፈትተው የጀርባዋን እንጨት አነሱ።

«ትጠገናለች?» አለች የሺ።

«ውስጥ ያለው ሽቦ ነው የተቃጠለው። እሱን ፈትቶ በአዲስ መጠምጠም ነው። ወረቀቱን ከሌላ ማጉያ ቆርጬ እለጥፋለሁ።» ያበጠውን እንጨት በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ይሄም ቀስ ብሎ ይደርቃል። ትጠገናለች።»

«ቀብዱስ?»

«የምን ቀብድ?»

የሺ ግድግዳውን አየች። ጋሽ ዓንዶምም አዩት፤ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል ገረማቸው።

«እዚሁ ተያት» አሉ። «አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ። ከፈተና በኋላ እንነጋገራለን።»

ባዶ ካሪዮላ እየገፋች ወደ ሰፈር ተመለሰች። ጋሽ ላጲሶ መኪናቸውን አጥሩ ሥር አቁመዋል። እኚህ ሰው ወትሮ እሷን ሲያዩ ጥሩምባ ነፍተው «መንገድ ልቀቁ፣ ሚኒስትሯ መጣች» ይላሉ፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናትና። ዛሬ ግን ሲያዩዋት ጎንበስ ብለው ጎማ መመርመር ጀመሩ። ጎማው ደህና ነበር።

«ጋሽ ላጲሶ፣ እማዬ ጠይቂ ብላኝ ነው። ቅዳሜ ይሄዳሉ? የገሰሰ ጥቅል አለ።»

«ቅዳሜ...» አሉ ጋሽ ላጲሶ። ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉት። «አይ፣ ቅዳሜ አልሄድም። ከፈተናሽ በኋላ ነው የምነሳው።»

«እሺ» ብላ አለፈች።

አሥር እርምጃ ያህል ከተራመደች በኋላ ነው ቆም ያለችው። የመንግሥት መኪና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ፈተና እስክትጨርስ መጠበቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ዞር ስትል ጋሽ ላጲሶ ቀና ብለው ሲያዩዋት አገኘቻቸው። ዓይናቸው ቀይ ነበር። ወዲያው ተመልሰው አጎነበሱ።

አምና የክፍል ጓደኛዋ የዘርትሁን አባት ሐረር ሞተው መርዶው ሲመጣ፣ ሰፈሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎ ነበር። ተማሪ ልጅ ፈተና ላይ እያለች መርዶ አይነገርም። ለእናት ነግሮ ከልጅ መደበቅ ደግሞ አይሆንም፤ ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ምንም ሳያውቅ ይሰነብታል። ያኔ የሺም ምስጢሩን ካወቁት አንዷ ነበረች። ዘርትሁን «እሑድ አባቴ ሲመጣ አብረን ቦሌ እንሄዳለን፣ አይሮፕላን እናያለን» ስትላት፣ «አሁን ቸክዪ፣ ከፈተና በኋላ» ብላ የመለሰችላት እሷው ናት። ማንም አላስተማራትም ነበር። ሰው ሌላ የሚለው ሲያጣ የሚለውን ነው ያለችው።

የሺ በካሪዮላው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አንድ አይሮፕላን ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ አለፈ። ማልቀስ አልቻለችም። ያለቀሰ ፊት ይዛ ቤት መግባት አትችልም፤ እናቷ የሰው ፊት ማንበብ ታውቃለች። በኪሷ ያለው ከረሜላ ቆረቆራት። አውጥታ ጭቃው ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ደግሞ አንድ በአንድ ለቀመችው።

ቤት ስትገባ እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሠራለች። ጭኗ ላይ ግራጫ ክር ተቆልሏል።

«ክር ከየት አመጣሽ?»

«የራሴን ሹራብ ተረተርኩት። እኔ ቤት ነው ያለሁት፣ ምን ያደርግልኛል? እሱ ነው በረሃና ተራራ ላይ ያለው።» ሣቀች። «አንቺስ ሸጥሻት?»

«ጋሽ ሙክታር ከፈተና በኋላ አሉ።»

«ውይ፣ ዘንድሮ ሰው ሁሉ አስተማሪ ሆኗል። ነይ እስቲ፣ ትከሻሽን ስጪኝ፤ ልለካው።»

የሺ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ሹራቡ ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ሞቃት ነበር፤ የእናቷ ጭን ሙቀት አለበት። እናቷ ከትከሻዋ ጫፍ አልፋ በጣቷ እየለካች ትቆጥራለች።

«ሲሄድ ካንቺ በአራት ጣት ይሰፋ ነበር። ውትድርና ትከሻ ያሰፋል ይላሉ። ስድስት ላድርገው?»

ያን ጊዜ ዞር ብላ ልትነግራት ነበር። አፏም ተከፍቶ ነበር። ግን እናቷ በጥርሷ ክር ይዛ፣ አንገቷን ጠምዘዝ አድርጋ፣ የልጇን ትከሻ እያሰበች ነው። እንዲህ ሆና ወንድ ልጇ ያለላት እናት የምትሆንባቸው ሦስት ቀኖች ብቻ ቀርተዋል። የሺ እነሱን መውሰድ አቃታት።

«ስድስት አድርጊው» አለች። «እንዳይጠብበት።»

ሐሙስና ዓርብ ተፈተነች። ልጆቹ ሒሳቡ ከባድ ነው፣ ሳይንሱ ቀላል ነው ተባባሉ። የሺ ጽፋ መውጣቷን እንጂ የጻፈችውን አላስታወሰችም። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻው ወረቀት ሲሰበሰብ የክፍሉ ልጆች እርሳሳቸውን ወደ ላይ እየወረወሩ ወጡ። እሷ ቀጥ ብላ ወደ መገናኛ ሄደች።

ጋሽ ዓንዶም የእሜቴን ሆድ ገላልጠው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋታል። ጥቁሩ ሽቦ ግማሹ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ጎበዝ።» ሽቦውን እያዩ ቀጠሉ። «ሙክታር መጥቶ ነበር። ልትሸጡ ካሰባችሁ እንዲሁ እንዳለች በደህና ዋጋ ይወስዳታል። አይከራከርም። ለእናትሽ... አንዳንድ ነገር ያስፈልጋታል። እስቲ አስቢበት።»

«አልሸጥም» አለች የሺ። «ይጠግኑልኝ።»

«እንግዲያው ለሰኞ—»

«አይቸኩሉ፣ ጋሽ ዓንዶም። ዓመቱ እስኪወጣ እኛ ቤት ሬድዮ አይከፈትም።»

ጋሽ ዓንዶም በእጃቸው የያዙትን ጉጠት አስቀመጡ። ውጪ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ሲጋፉ ይሰማል።

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ማንም። ሁላችሁም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሁለት ጣታቸው ዓይናቸውን ጨመቁ። «እኔ ነበርኩ ሽቦ መጠምጠም ያስተማርኩት» አሉ። «እጁ ቶሎ ይለምዳል፤ ግን ይቸኩላል። ‹ቀስ በል› እለው ነበር።»

የሺ በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። የተንጠለጠለውን የሽቦ ጫፍ ያዘችላቸው። እሳቸው ያዞራሉ፣ እሷ ትስባለች፤ የተቃጠለው ሽቦ ጣቷን ጥላሸት እየቀባ ተፈትቶ አለቀ።

«ነገ ጠዋት ነው?» አለች።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ላጲሶ፣ ሙክታር፣ እኔ፣ የዕድሩም ሰዎች አሉ።»

የሺ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ተነሣች። እናቷ ብቻዋን እንዳታመሽ ወደ ቤት መሄድ ነበረባት። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ስትመጡ እንዳታንኳኩ» አለች። «በር በተንኳኳ ቁጥር እማዬ እሱ የመጣ ይመስላታል። ዝም ብላችሁ ደጃፉ ላይ ቁሙ። እኔ ነቅቼ እጠብቃለሁ፤ እኔ እከፍትላችኋለሁ።»