ያልተሞከረው ስካነር

«ስካነር አልተገኘም» አለ ኮምፒውተሩ፣ ለሰባተኛ ጊዜ።

«ወይኔ! ምን ሆኖ ነው ግን?» ሩፊዳ ኬብሉን ነቅላ ሰካች፤ እንደገና «ፈልግ» የሚለውን ተጫነች። ያው ነው። የመተማ ፀሐይ ቆርቆሮ ጣሪያውን አግሎት የኮምፒውተር ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

ስምንት ተማሪዎች ለአዳሪ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሊመዘገቡ ነው። የውጤት ወረቀታቸው ስካን ተደርጎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መላክ አለበት፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ተቀባይነት የለውም። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል። ከተማው መብራት ስለጠፋበት ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ተዘግተዋል። የትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር ብቻ ውጭ ያጓራል፤ እሱም ናፍጣው እያለቀ ነው።

መምህር ዳኛው ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። «ትናንት ሞክረነዋል፣ ይሠራል አላላችሁኝም?»

ሩፊዳ ወደ ጓደኛዋ ወደ ሳቢራ ዞረች። ትናንት አዲሱን ስካነር እንዲሞክሩ የታዘዙት ሁለቱ ነበሩ፤ ሩፊዳ የእናቷን ሱቅ ለማገዝ ቀድማ ስትወጣ፣ ሳቢራ «እኔ እሞክረዋለሁ» ብላ ቀርታ ነበር። ዛሬ ጠዋት «ይሠራል፣ አታስቢ» ስትላት፣ ሩፊዳ ለመምህሩ «ሞክረነዋል» አለቻቸው።

«ትናንትማ ይሠራ ነበር ቲቸር» አለች ሳቢራ ፈጠን ብላ። «ጠዋት ክፍሉን የጠረገው ስሜነህ ነው። ነካክቶት ይሆናል።»

ከሽንፋ የመጣው ስሜነህ ከስምንቱ ተመዝጋቢዎች አንዱ ነው። «እኔ? ኧረ አጠገቡም አልደረስሁ!»

«ትናንት የሠራ ዛሬ ያለ ምክንያት አይጠፋም» አሉ መምህር ዳኛው ተቆጥተው። «ሩጥና ከሰሊጥ መጋዘኑ ቢሮ ሌላ ኬብል ለምነህ አምጣ!»

ሩፊዳ ግን የስካነሮቹን ዝርዝር ከፍታ እያየች ነበር። አንድ ስም ብቻ አለ፤ አምና ተበላሽቶ የተነሳው የአሮጌው ስካነር ስም። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «አልተገናኘም» ይላል። አዲሱ ስካነር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሶፍትዌሩ ጭራሽ አልተጫነም።

«አንቺ፣ ስሙን ብቻ አይተሽ ነው ይሠራል ያልሽኝ?» አለቻት ሳቢራን በሹክሹክታ።

«ስሙ ካለ ይሠራል ብዬ ነዋ! ኸላስ፣ በቃ ዝም በይ። ደግሞ ‹ሞክረነዋል› ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ስሜነህ በዚህ ሐሩር ሮጦ ቢመለስም፣ ኬብሉ የሚፈይደው ነገር የለም። በሩ ጋ ደርሷል።

«ቆይ፣ አትሂድ!» አለች። «ቲቸር፣ ኬብሉ አይደለም። እኔ ሳልሞክር ነው ሞክረነዋል ያልኩት። ሶፍትዌሩ አልተጫነም።»

መምህር ዳኛው መሳቢያውን ከፍተው የስካነሩ ሶፍትዌር ያለበትን ፍላሽ አወጡ። «ይህን ጠዋት ብትነግሪኝ ኖሮ...» አሉና ሳይጨርሱት ሰጧት።

መጫኑ እየተንቀራፈፈ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ውጭ ጄኔሬተሩ ሁለቴ ተንገጫገጨ፤ ግን አልጠፋም። ሳቢራ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሩፊዳ ጆሮ ጠጋ አለች። «አዋረድሽኝ። ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ።»

«ስምሽን እኮ አልጠራሁም...»

ሳቢራ በሩን ገፍታ ወጣች። ሩፊዳ ልትከተላት ከወንበሩ ብድግ አለች። በመስኮቱ የጓደኛዋ ሻሽ ወደ ግቢው በር ሲርቅ ይታያታል። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። የስካነሩ መብራት ቦግ አለ።

ሩፊዳ ተመልሳ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«ስሜነህ፣ ወረቀትህን አቀብለኝ።»