ከጨርቁ ስር

ነርሷ ቀዩን መጫወቻ መኪና ሕፃኑ ፊት ነዳችና በጨርቅ ሸፈነችው።

ጉልቤ ግን መጋረጃውን ያያል። ገና የአሥር ወር ልጅ ነው፤ ጉልቤ ያሉት ሲያለቅስ ጎረቤት ስለሚሰበስብ ነው። ዛሬ ግን ጭጭ ብሏል።

«የታለ መኪናው?» አለችው ነርሷ። በዚህ ዕድሜ ልጆች የተሸፈነን ነገር ገልጠው ይፈልጋሉ። ባለፈው ቀጠሮም ቤት ውስጥ በማንኪያም በኩባያም ድብብቆሽ አጫውቱት ብላ ነበር።

«እህቱ እኮ በየቀኑ ታጫውተዋለች!» አለች እናት። «እኔ ስፌት ቤት ስውል እሷ ናት የምትይዘው። ትናንትም ማንኪያውን አገኘው ብላኛለች። አይደል የኔ ልጅ?»

«አዎ» አለች እህት። ፊቷ ጋለ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጉልቤን ትራስ አስደግፋ በስልኳ ካርቱን ትከፍትለታለች፤ እሷ በረንዳ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ወሬዋን ትሰልቃለች። ማታ «ዛሬማ ማንኪያውን አገኘው!» ስትላት እናቷ በዚያ ሁሉ ድካሟ ታጨበጭብ ነበር።

ነርሷ በአሻንጉሊትም ሞከረች። ጉልቤ አዛጋ።

«ለማንኛውም ሐኪም ይየው» አለች ነርሷ።

«ምን ሆኖብኝ ነው?» አለች እናት። «እርጉዝ ሆኜ ማሽን ላይ አጎንብሼ ስለዋልኩ ይሆን? የኔ ጥፋት ነው።»

እህት አንገቷን ደፋች። በጣም አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል የሚያጋልጣት የለም፤ ጉልቤ እንደሆነ አፍ አልፈታ። እናቷ ግን ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ወደ ቤት ልትሄድ ነው።

ስልኳን አወጣች።

«ሲስተር፣ እስቲ በዚህ ይሞክሩት።»

«ስልክ ደግሞ የት ያውቃል?» አለች እናት።

እህት ካርቱኑን ከፍታ፣ ድምፁን አጥፍታ ሰጠች። ነርሷ ስልኩን ለሕፃኑ አሳየችና በጨርቁ ሸፈነችው።

ጉልቤ ጨርቁን መንጭቆ ወረወረው። ከዚያ በትንሿ ጣቱ የስልኩን መስታወት ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረገ።

«መፈለጉንስ ያውቅበታል!» ብላ ነርሷ ሳቀች።

እናት እፎይ አለች፤ ግን አልሳቀችም። ዞር ብላ ልጇን አየቻት።

«ማንኪያውስ?»

«ከመሳቢያው አውጥቼው አላውቅም፣ እማዬ።»